በአሜሪካ የእምነት ኮሌጅ መምረጥ፦ የመንግሥት ገንዘብ፣ የሃይማኖት ነጻነትና አራቱ አማራጮች

በየዓመቱ የኮሌጅ መልስ በሚመጣበት ወቅት፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ደብዳቤ ይዘው የሚጠብቁኝ ወላጆች አሉ። ካነጋገርኋቸው መካከል አንዲት እናትን አልረሳቸውም። በአንድ እጃቸው የክርስቲያን ኮሌጅ፣ በሌላው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዘው፣ «ይኸኛው ቃለ እግዚአብሔር ያለበት ነው፤ ግን ፋፍሳ አልቀበልም ይላል። ሃይማኖተኛ ስለሆነ መንግሥት ከልክሎት ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ፋፍሳ የሚሉት የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ለማግኘት የሚሞላው ማመልከቻ ነው። የከለከለው መንግሥት አልነበረም። የመንግሥትን ገንዘብ አልፈልግም ያለው ኮሌጁ ራሱ ነበር፣ የውሳኔውም ዋጋ የሚያርፈው በእርሳቸውና በልጃቸው ጫንቃ ላይ ነበር።

የእናቲቱ ግምት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ ከሀገር ቤት የመጣ ሰው በአሜሪካም የመንግሥት ገንዘብ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ደጃፍ አይደርስም ብሎ ቢያስብ አያስገርምም። የአሜሪካው ሕግ ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ይዟል። ያንን መንገድ ሳያውቁ ኮሌጅ መምረጥ ደግሞ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ስህተት ሊያስከትል ይችላል፤ አንዳንዴም ከገንዘቡ በላይ የልጅን የኅሊና ነጻነት የሚነካ ይሆናል።

ይህ መመሪያ አራት አማራጮችን ያነጻጽራል፤ እነርሱም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚቀበል የእምነት ኮሌጅ፣ ያንን ድጋፍ በፈቃዱ የማይቀበል የእምነት ኮሌጅ፣ እንዲሁም የታወቀ አክሬዲቴሽን (የትምህርት ጥራት ዕውቅና) የሌለው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ናቸው። የተቋማት ስም የምጠራው ለምሳሌ እንጂ ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ገንዘብ ነው። ሆኖም መታየት ያለበት በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ሳይሆን፣ ድጎማው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ከቤተሰቡ ኪስ የሚወጣውና በልጁ ስም የሚጻፈው ዕዳ ነው። ሁለተኛው ገንዘቡን ተከትሎ የሚመጣው ሕግ ነው፤ ተማሪው በደል ቢደርስበት ለማን አቤት ይላል የሚለው ጥያቄ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው የተማሪው የራሱ የእምነት ነጻነት ሲሆን፣ ምን ላይ ይፈርማል፣ በየትኛው ጸሎት ላይ እንዲገኝ ይገደዳል፣ ጾሙንና በዓሉንስ ያከብርለታል ወይ የሚሉትን ይይዛል። አራተኛው የዲግሪው ተቀባይነት ነው።

ሦስተኛውን ከተለመደው በላይ ክብደት እሰጠዋለሁ። ስለ ሃይማኖት ነጻነት በአደባባይ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የኮሌጁን ነጻነት የሚመለከት ነው። ኮሌጁ በእምነቱ መሠረት የመተዳደር መብት ሲኖረው፣ በዚያው ግቢ የሚማረው የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊም ወይም የካቶሊክ ልጅ ነጻነት የት ላይ እንደሚቆም ግን ብዙ ቤተሰብ አይጠይቅም። «ክርስቲያን» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ የራሱ ቤት የሚመስለው ብዙ ነው።

## የገንዘቡ መንገድ

በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል፤ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም ይከለክላል፣ እምነትን በነጻነት መፈጸምንም እንዳያግድ ያዝዛል። የእምነት ኮሌጆችን የሚመለከተው ሕግ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች መካከል የሚሄድ ነው። ገንዘቡም በሁለት በር ይገባል፤ አንዱ በቀጥታ ለኮሌጁ የሚሰጠው፣ ሌላው በተማሪው እጅ አልፎ የሚሄደው ነው።

በተማሪው በኩል ያለው በር ሰፊ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በ1944ቱ የጂአይ ቢል ሕግ የትምህርት ክፍያቸው ሲሸፈንላቸው የሃይማኖት ኮሌጅ የመረጡትም ተጠቅመውበታል። በ1965 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግና በ1972 የተጨመረው፣ በኋላ ፔል ግራንት የተባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ ይኸንኑ አሠራር አስፋፉት። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላሪ ዊተርስ የተባለ ዓይነ ስውር ተማሪ ቄስ ለመሆን ለሚማረው ትምህርት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የመልሶ ማቋቋም ድጋፍ ቢሰጠው የመጀመሪያውን ማሻሻያ እንደማይጥስ ያለ ልዩነት ወሰነ። ምክንያቱም ገንዘቡን ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤት የወሰደው የተማሪው ምርጫ እንጂ የመንግሥት ውሳኔ አልነበረም።

በቀጥታ የሚሰጠው ገንዘብ ግን በጥንቃቄ የተከበበ ነው። በ1971 በኮነቲከት የሚገኙ አራት የካቶሊክ ኮሌጆች ለሕንፃ ግንባታ የተሰጣቸው የፌዴራል ገንዘብ ሲፈተሽ፣ ፍርድ ቤቱ ድጋፉን አጽድቆ ሕንፃው ለአምልኮ እንዳይውል የሚከለክለው ገደብ ከ20 ዓመት በኋላ ያበቃል የሚለውን አንቀጽ ግን ሰረዘው። በ1976 ደግሞ ሜሪላንድ ለግል ኮሌጆች፣ የካቶሊክ ኮሌጆችን ጨምሮ፣ በየዓመቱ የምትሰጠው ድጎማ ለሃይማኖታዊ ዓላማ እስካልዋለ ድረስ ሕጋዊ ነው ተባለ። በባልቲሞርና በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር ወገን ልብ ሊለው የሚገባው፣ ያ ድጎማ ዛሬም እንዳለና የሚሰጠው ለኮሌጁ እንጂ ለተማሪው እንዳልሆነ ነው።

ክፍለ ግዛቶች ከፌዴራሉ መንግሥት የጠበቀ አቋም ሊይዙ ይችላሉ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። ጆሹዋ ዴቪ የተባለ ተማሪ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ስኮላርሽፕ አግኝቶ የመጋቢነት ትምህርት ስለመረጠ ብቻ ተከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2004፣ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ፣ ክፍለ ግዛቱ ለካህናት ሥልጠና አልከፍልም የማለት መብት አለው አለ። በ2022 በሜይን ክፍለ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጉዳይ፣ መንግሥት የግል ትምህርት ቤቶችን ከደጎመ ሃይማኖታዊ በመሆናቸው ብቻ ሊያገልል አይችልም ተብሎ 6 ለ 3 ተወስኗል፤ የ2004ቱ ውሳኔ ግን አልተሻረም። ስለዚህ የፌዴራሉ ፔል ግራንት ዕውቅና ባለው ኮሌጅ ለሥነ መለኮት ትምህርትም ሲያገለግል፣ ቨርጂኒያ በግል ኮሌጆች ለሚማሩ ነዋሪዎቿ የምትሰጠው የትምህርት ክፍያ ድጋፍ የሃይማኖት ሥልጠናንና የሥነ መለኮት ዘርፎችን የማያካትት ሆኖ የተዘጋጀ ነው። በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ወጣት በአንድ ኮሌጅ ሒሳብ ቢማር የሚያገኘውን የክፍለ ግዛት ድጎማ፣ በዚያው ኮሌጅ ሥነ መለኮት ቢመርጥ ሊያጣው ይችላል ማለት ነው። የትምህርት ዘርፍ ከመቀየር በፊት የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

## ገንዘቡን ተከትሎ የሚመጣው ሕግ

በፔንሲልቬኒያ የሚገኘው ግሮቭ ሲቲ ኮሌጅ ጾታን መሠረት ያደረገ አድልዎ ፈጽሟል የሚል ክስ አልነበረበትም። ነገር ግን ታይትል ናይን የሚባለውን፣ በ1972 የወጣውን የጾታ አድልዎ መከላከያ ሕግ አከብራለሁ የሚል ማረጋገጫ እንዲፈርም ሲጠየቅ፣ ከመንግሥት በቀጥታ የምወስደው ገንዘብ የለም ብሎ እምቢ አለ። ከ2,200 ያህል ተማሪዎቹ 140 የሚሆኑት የፌዴራል ግራንት ይወስዱ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በተማሪ በኩል የገባውም ገንዘብ ኮሌጁን የፌዴራል ድጋፍ ተቀባይ ያደርገዋል ሲል ወሰነ፤ ግዴታው የሚመለከተው ግን የገንዘብ ድጋፍ ክፍሉን ብቻ ነው አለ። ኮንግረስ በ1988 የፕሬዚዳንት ሬገንን ቬቶ ሽሮ ግዴታው መላውን ተቋም እንዲሸፍን አደረገ። ግሮቭ ሲቲ መጀመሪያ ከግራንቱ፣ በ1996 ደግሞ ከፌዴራል ብድሩም ወጣ።

ገንዘቡን የሚቀበሉ የእምነት ኮሌጆችም ቢሆኑ ለሕጉ ሙሉ በሙሉ እጅ የሰጡ አይደሉም። ታይትል ናይን በሃይማኖት ድርጅት ቁጥጥር ሥር ያለ ተቋም ከእምነቱ ጋር በሚጋጨው ነገር ላይ ከግዴታው ነጻ የሚሆንበት አንቀጽ አለው። ይህን አንቀጽ 33 ተማሪዎች በ2021 በፌዴራል ፍርድ ቤት ተቃውመውት የነበረ ሲሆን ክሱ በ2023 ተዘግቷል፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2024 ውሳኔውን አጽንቶታል። በዘርና በቀለም ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ መውጫ የለም። ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ በተለያዩ ዘሮች መካከል መጠናናትንና ጋብቻን በሃይማኖት ምክንያት በመከልከሉ የግብር ነጻነቱን እንዲያጣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 8 ለ 1 ወስኗል። ለጥቁር ቤተሰብ ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም፤ የእምነት ነጻነት በሕግ የተከበረባት ሀገር የልጃችንን ቀለም ለዚያ ነጻነት መሥዋዕት እንደማታደርግ በግልጽ የተነገረበት ውሳኔ ነው።

## የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

ይህ ለንጽጽር መነሻ የሚሆን አማራጭ ነው። ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ክፍያው ዝቅ ይላል፣ ፌዴራልና ክፍለ ግዛታዊ ድጋፍ ሁሉ ይሠራል፣ የሕግ ጥበቃውም ሙሉ ነው። መንግሥታዊ ስለሆነ ጸሎት ሊያስገድድ አይችልም፤ ተማሪዎችንም በራሳቸው ተሰብስበው እንዳይጸልዩ ሊከለክል አይችልም። በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የካንሳስ ሲቲ ቅርንጫፍ ጉዳይ፣ ለሌሎች የተማሪ ማኅበራት ክፍት የሆነ አዳራሽ ለሃይማኖት ማኅበርም ክፍት መሆን አለበት ብሏል። ልጆቻችን በየግቢው የኦርቶዶክስ ወይም የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው ክፍል የሚይዙት በዚህ መብት ነው። «ልጄ እምነቱን ያጣል» ብለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን ከመነሻው የሚሰርዙ ወላጆች ቢያንስ ማኅበሩ መኖሩን ሳያጣሩ ባይወስኑ እላለሁ።

## የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል የእምነት ኮሌጅ

በቁጥር አብዛኞቹ የእምነት ኮሌጆች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ፋፍሳ ሞልቶ ብቁ የሆነ ተማሪ በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል። በወላጁ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ እስከ 5,500 ዶላር የፌዴራል ብድር መውሰድ ይችላል። ግራንቱ አይመለስም፣ ብድሩ ይመለሳል፤ በድጋፍ ደብዳቤው ላይ ግን ሁለቱ በአንድ ዓምድ ተደርድረው «ጠቅላላ ድጋፍዎ» ተብለው ስለሚደመሩ፣ ብድሩን ስጦታ መስሏቸው የፈረሙ ወላጆች አጋጥመውኛል። ደብዳቤው ሲመጣ እስክሪብቶ ይዞ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ይመለሳል» ወይም «አይመለስም» ብሎ መጻፍ ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

በዚህ ምድብ ውስጥ ሁለት በጣም የተለያዩ ዓይነቶች አሉ። አንደኞቹ የየትኛውንም እምነት ተማሪ ያለ እምነት ፊርማ የሚቀበሉ ናቸው። የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ዩኒቨርሲቲ የሆነው ጆርጅታውን በ1999 የሙሉ ጊዜ ሙስሊም ካህን፣ ኢማም ያህያ ሄንዲን፣ በመቅጠር በአሜሪካ ቀዳሚ ነበር። እዚያው ዋሽንግተን ያለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ትልቅ የኢትዮጵያ ብራናዎች ስብስብ አለው። ሁለተኞቹ ተማሪው የእምነት መግለጫ ወይም የሥነ ምግባር ቃል ኪዳን እንዲቀበል፣ በሳምንት የተወሰነ ጊዜም በቻፕል (በኮሌጁ የጸሎትና የስብከት) ጉባኤ እንዲገኝ የሚጠይቁ፣ በአብዛኛው የወንጌላውያን ኮሌጆች ናቸው።

ቃል ኪዳኑ የሚመጣው በተማሪው ኢንተርኔት ገጽ ላይ ከዶርም ምርጫና ከክትባት ማስረጃ ቀጥሎ፣ ምልክት የሚደረግባት አንዲት ትንሽ ሳጥን ሆኖ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን የሆነ አንድ ወጣት ሳያነብ ምልክት አደረገባት። በመጀመሪያው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ፣ በሳምንት ሦስት ቀን መታወቂያውን በር ላይ እያስነበበ ቻፕል መግባት ነበረበት። የእመቤታችንን አማላጅነት በሚነቅፍ ስብከት ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ከበደው፤ ሲቀር ደግሞ መቅረቱ ተቆጠረበት። በምግብ አዳራሹም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ሲመጣ ምሳ ተነሥቶ ይጠብቀዋል። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊዋን ሄዶ ሲያነጋግራቸው፣ በሐቀኝነት መናገር ያለብኝ፣ በመልካም ተቀበሉት፤ የጾም ምግብ ተለይቶ እንዲቀመጥለትና ከቻፕሉ አንዱን ቀን በራሱ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዲተካ ፈቀዱለት። ይህ ግን የእርሳቸው ደግነት እንጂ ልጁ በሕግ ሊጠይቀው የሚችለው መብት አልነበረም፤ ፈርሞ ገብቷልና። መጠየቅ የነበረበት ከመፈረሙ በፊት ነው።

ሌላው ሊነበብ የሚገባው የአልኮል ክልከላ ነው። ብዙዎቹ ቃል ኪዳኖች በትምህርት ዘመኑ ከግቢ ውጭም እንዳይጠጣ ስለሚያዝዙ፣ የቅዱስ ቁርባንና የበዓል ጠላ ጉዳይ እንዴት እንደሚታይ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ይሻላል።

## የፌዴራል ድጋፍ የማይቀበል የእምነት ኮሌጅ

ከግሮቭ ሲቲ በተጨማሪ በሚሺገን ያለው ሂልስዴል፣ በቨርጂኒያ ያሉት የካቶሊኩ ክሪስተንደምና የፕሮቴስታንቱ ፓትሪክ ሄንሪ ኮሌጆች በዚህ ይታወቃሉ። ክርክራቸው ቀላልና የሚከበር ነው፤ ገንዘብ የሚሰጥ መንግሥት ነገ ሕግ ሲለውጥ በግቢያችን ሊያዝዝብን ይችላል፣ ስለዚህ ከወዲሁ አንነካውም ይላሉ። አቋማቸውን በዋጋ የሚያስከብሩ መሆናቸውን አደንቃለሁ። ከፊሎቹም በለጋሾቻቸው ብርታት ክፍያቸውን ከብዙ የግል ኮሌጆች ዝቅ አድርገው ይዘዋል።

ዋጋው ግን በተማሪውም ላይ ይወድቃል። ፔል ግራንት የሚገባው ልጅ ግራንቱን ይዞ ሊገባ አይችልም። ኮሌጁ በራሱ ስኮላርሽፕ ካልተካለት፣ የሚጎድለውን የሚሞላው የግል ባንክ ብድር ነው። የግል ብድር ብዙውን ጊዜ ዋስ ሆኖ አብሮ የሚፈርም ሰው ይፈልጋል። እንደ ፌዴራሉ ብድር ከገቢ ጋር የሚመጣጠን አከፋፈል አይሰጥም፣ በመንግሥትና በበጎ አድራጎት ሥራ ላገለገለ ሰው የሚደረገው የዕዳ ስረዛም አያካትተውም። አባት ታክሲ ነድቶ፣ እናት በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት ሠርታ በሚተዳደር ቤት ውስጥ አብሮ ፈራሚ መሆን ማለት የቤት መግዣ ክሬዲትን መያዣ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከገንዘብ ይልቅ ከባድ ነው። የፌዴራል ድጋፍ በማይቀበል ተቋም ታይትል ናይን አይሠራም። ሴት ልጅ በግቢው ጥቃት ቢደርስባትና ኮሌጁ አቤቱታዋን ቢያዳፍነው ለፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ ማመልከት አትችልም፤ የወንጀል ሕጉና የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ብቻ ይቀሩላታል። የግቢ ወንጀልን በየዓመቱ ይፋ የማድረግ የፌዴራል ግዴታም አይመለከታቸውም። ይህን የምለው እነዚህ ኮሌጆች ለሴቶች ልጆች አይመቹም ለማለት አይደለም። ጥበቃው በሕግ ሳይሆን በኮሌጁ የውስጥ ደንብ ላይ ስለሚቆም፣ ደንቡን ጠይቆ ማንበብ የወላጅ ሥራ ይሆናል ማለቴ ነው። ለውትድርና አገልግሎት የሚሰጠውን የጂአይ ቢል ድጋፍና 529 የሚባለውን ለትምህርት የሚቀመጥ የቁጠባ ሒሳብ በተመለከተም አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

## አክሬዲቴሽን የሌለው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት

ክፍያው ትንሽ ነው፤ ትምህርቱም ብዙ ጊዜ በማታና በቅዳሜ ስለሚሰጥ ሠራተኛ ምእመናንን ይማርካል። ቤተ ክርስቲያኑን በእውቀት ማገልገል ለሚፈልግ ጎልማሳ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው «በክፍለ ግዛቱ የተፈቀደ» እና «ዕውቅና ያለው» የሚሉት አነጋገሮች እንደ አንድ ሲቀርቡ ነው። ፍሎሪዳ የሃይማኖት ኮሌጆችን ከፈቃድ ግዴታ ነጻ ስታደርግ፣ የሚሰጡት ዲግሪ ስም ሃይማኖታዊ መሆኑን የሚያሳይ ቃል እንዲኖረው ታዝዛለች። በቴክሳስ አንድ ሴሚናሪ ያለ መንግሥት ፈቃድ «ሴሚናሪ» የሚል ስም በመጠቀሙና ዲፕሎማ በመስጠቱ 173,000 ዶላር ተቀጥቶ ነበር፤ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ይህ የሃይማኖት ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ቅጣቱን ሽሮታል። ፍርዱ ሴሚናሪውን ነጻ አወጣው፤ ዲግሪውን ግን ለነርሲንግ ትምህርት ቤት ወይም ለመንግሥት ሥራ የሚበቃ አላደረገውም።

ዕውቅና ያለው የሥነ መለኮት ትምህርት የሚፈልግ ሰው የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበር የሚባለውን አካል ወይም ሌላ በፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የታወቀ አክሬዲተር ዝርዝር ውስጥ ስሙን ይፈልግ። ካላገኘው «ሂደት ላይ ነን» የሚለውን መልስ እንደ ዕውቅና አይቁጠረው።

## በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መመዘኛ | የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ | ድጋፍ የሚቀበል የእምነት ኮሌጅ | ድጋፍ የማይቀበል የእምነት ኮሌጅ | አክሬዲቴሽን የሌለው |
|---|---|---|---|---|
| ፔልና የፌዴራል ብድር | ይሠራል | ይሠራል | አይሠራም | አይሠራም |
| የክፍለ ግዛት ድጎማ | ይሠራል | እንደ ክፍለ ግዛቱና እንደ ትምህርት ዘርፉ | አልፎ አልፎ፤ ይጠየቅ | በአብዛኛው የለም |
| ታይትል ናይን | ሙሉ | አለ፣ ከእምነት ጋር ሲጋጭ ነጻ የሚያደርግ አንቀጽ ያለው | የለም | የለም |
| የእምነት ፊርማና ቻፕል | የተከለከለ | ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል | ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል | ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል |
| የክሬዲት ዝውውር | ቀላል | ቀላል | አክሬዲቴሽን ካለው ቀላል | አስቸጋሪ |

## ለማን የትኛው?

ገቢው ዝቅተኛ ሆኖ ሙሉ ፔል ለሚገባው ቤተሰብ፣ ድጋፍ የማይቀበል ኮሌጅን የምመክረው የኮሌጁ የራሱ ስኮላርሽፕ የፔልን መጠን ለአራቱም ዓመት የሚተካ መሆኑ በጽሑፍ ከተሰጠ ብቻ ነው። የአንደኛው ዓመት ብቻ ስጦታ አይበቃም። የእምነት ኮሌጅ ፍላጎቱ ጠንካራ ከሆነ ሁለት ዓመት በኮሚኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ድጋፍ ወደሚቀበል የእምነት ኮሌጅ መዛወር ዕዳውን በእጅጉ ይቀንሳል።

የጥገኝነት ማመልከቻው ያልተወሰነለት ወይም በጊዜያዊ ጥበቃ ያለ ተማሪ ሁኔታ የተለየ ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባና ጥገኝነቱ የጸደቀለት ለፌዴራል ድጋፍ ብቁ ሲሆኑ እርሱ ግን ብቁ አይደለም። ስለዚህ የፌዴራል ገንዘብ የማይቀበለው ኮሌጅ ለእርሱ የሚያሳጣው የፌዴራል ድጋፍ የለም፤ እንዲያውም በግል ለጋሾች የቆመ ስኮላርሽፕ ስላለው ከሌሎቹ ቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ለክህነት ወይም ለወንጌል አገልግሎት የሚዘጋጅ ወጣት መጀመሪያ በሌላ ዘርፍ፣ ዕውቅና ባለው ኮሌጅ፣ በፔልና በክፍለ ግዛት ድጎማ የመጀመሪያ ዲግሪውን ቢይዝና ሥነ መለኮቱን በሁለተኛ ዲግሪ ቢያደርገው የክፍለ ግዛቱን ድጎማ አያጣም። ከጁላይ 2026 ጀምሮ በሚሠራው አዲስ የብድር ሕግ ለድኅረ ምረቃ በዓመት የሚፈቀደው 20,500 ዶላር ሲሆን፣ ለሙያ ዲግሪዎች 50,000 ነው፤ የሚኒስትሪ ማስተርስ የሆነው ኤም ዲቭ በፌዴራሉ ደንብ ከሙያ ዲግሪዎች ተቆጥሯል። ይህ ማለት ብዙ መበደር ይቻላል ማለት እንጂ ይበጃል ማለት አይደለም፤ በካህን ደመወዝ የሚከፈል ዕዳ አይደለምና። መነኮሳት አባቶችም አንድ ነገር ይወቁ፤ ገዳሙ ወይም ማኅበሩ ራሱ እያኖራቸው እንዲማሩ የላካቸው የምናኔ ማኅበር አባላት፣ በፌዴራሉ ደንብ የገንዘብ ችግር እንደሌለባቸው ስለሚቆጠሩ ፔል አያገኙም።

ለሙስሊም ቤተሰብ፣ ጁምዓንና ረመዳንን የሚያከብር፣ ፊርማ የማይጠይቅ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ከብዙ «ገለልተኛ» ግቢዎች የተሻለ ቤት ሊሆን እንደሚችል አይቻለሁ። መለኪያው የኮሌጁ ስም ሳይሆን የጸሎት ክፍሉ መኖርና የካህኑ ወይም የኢማሙ ቅጥር ነው። ለመጎብኘት ሲኬድ «የጸሎት ክፍል አለ» የሚለውን ቃል ብቻ ሳይሰሙ ክፍሉን ማየት፣ የመታጠቢያ ቦታ መኖሩንም ማጣራት ነው።

በመጨረሻ፣ በማኅበረሰባችን ኮሌጅ ለመክፈት ለሚያስቡ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ቦርዶች። ውሳኔው የሚጀምረው ገንዘብ ሲመጣ ሳይሆን የመመሥረቻ ቻርተር ሲጻፍ ነው። ኒው ዮርክ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለግል ኮሌጆች ድጎማ ስትጀምር በርካታ የካቶሊክ ተቋማት፣ ፎርደምን ጨምሮ፣ ለድጎማው ብቁ ለመሆን የአስተዳደር ቦርዳቸውን ለምእመናን ከፍተዋል። የአይሁድ እምነት ተቋም የሆነው የሺቫ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1967 ቻርተሩን አሻሽሎ ለትምህርት ዓላማ የተቋቋመ መሆኑን አስፍሮ ነበር። ከ55 ዓመት በኋላ በ2022 የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸው ተማሪዎች ማኅበር የዕውቅና ጥያቄ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ዳኛዋ ያንኑ ቻርተር ገልጠው ተቋሙ በሕግ ፊት የትምህርት እንጂ የሃይማኖት ድርጅት አይደለም አሉ፤ ጉዳዩ በ2025 በስምምነት ተዘጋ። እንግዲህ ቦርዱ ገንዘቡን እቀበላለሁ ካለ፣ በየትኛው የሃይማኖት አካል ቁጥጥር ሥር እንደሆነ በቻርተሩ በግልጽ ጽፎ፣ ፔልና የተማሪ ብድር ብቻ በመቀበል ቀጥታ ድጎማን ቢተው ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። አልቀበልም ካለም፣ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ከመመዝገቡ በፊት የፔሉን ቦታ የሚሞላ የስኮላርሽፕ ገንዘብ በባንክ አስቀምጦ ይጀምር።